እሑድ ከሰዓት የተወለወለ ምላጭ

አንድ ሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ ጓሮው ተቀምጦ ምላጭ ይወለውላል። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሷል፤ ምሳውን በልቷል፤ ነጠላውን አጥፎ አስቀምጧል። አጠገቡ በቆርቆሮ ሳህን አመድ አለ፣ የተቆረጠ ሎሚ አለ፣ ብርጭቆ ወረቀት አለ፣ የስፌት መኪና ዘይት አለ። ይፈትጋል፤ ያጥባል፤ ወደ ፀሐይ ያነሳና ያያል፤ እንደገና ይፈትጋል።

ወገኖቼ፣ ምን ክፋት አለው? ፀጉር አስተካካይ ነው። ምላጩን ቢወለውል ሥራው ነው። ገበሬ ማረሻውን አያሾልም? በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ሰው ቢያየው፣ «ይህ ነው ባለሙያ፤ በሰንበት እንኳ አይሰንፍም» ብሎ ነው የሚያልፈው።

እኔ ግን እላችኋለሁ፣ በዚያች ከተማ በዚያ ዕለት ከተሠራው ኃጢአት ሁሉ ይህ ይከፋል። ሰካራሙ ከሠራው ይከፋል። ሌባው ከሠራው ይከፋል። ለምን? ቆዩኝ፤ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ሰውየው ሙጬ ይባላል። ከተማዋ ጎጃም ውስጥ ናት፤ ስሟን አልነግራችሁም፤ ዘመድ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ከገበያው ዳር በረንዳ ያላት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችው፤ በዚያች ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጺምና ራስ ላጭቷል። ሙያውን ያስተማረው አንድ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌው ሲሞት የራሱን ምላጭ ለሙጬ ተወለት። ልጆች፣ እናንተ የምታውቁትን፣ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ስሱን ምላጭ አይደለም የምላችሁ። ታጣፊውን ነው፤ የቀንድ እጀታ ያለውን፣ ሲዘጋ እጀታው ውስጥ የሚተኛውን፣ በደንብ ከያዙት ከሰው ዕድሜ የሚበልጠውን።

ሽማግሌው ሲያስተምረው እንዲህ ይለው ነበር፦ «ብረት ውሃ ይጠላል፤ ዘይት ይወዳል። አንድ ሰው ላጭተህ በጨረስክ ቁጥር በፈላ ውሃ እጠበው፤ አልኮል አስነካው፤ አድርቀው፤ ቀጭን ዘይት ቀባው፤ ከዚያ የመሳያው ቆዳ ላይ አመላልሰህ ሳለው። አፉን ማንም ያየዋል። አንተ ሥሩን እይ፤ እጀታው ውስጥ የሚደበቀውን። መወየብ የሚጀምረው ከዚያ ነው።»

ሙጬም ሰማ። ለዓመታት እንደተባለው አደረገ። ምላጩ እንደ ውሃ ይብለጨለጭ ነበር። ሙሽራ ከሩቅ አገር ይመጣ ነበር፤ ዳኛ ይመጣ ነበር፤ ቄስ ይመጣ ነበር። «እጁ እኮ አይታወቅህም፤ እንቅልፍ ይወስድሃል» ይሉለታል። ስሙ ገነነ።

ስሙ ሲገንን እጁ ሰነፈ። እንዴት ሰነፈ ትሉኛላችሁ? እንደ እኔና እንደ እናንተ ነው የሰነፈው። በአንድ ጊዜ ማን ይሰንፋል? አንድ የገበያ ቀን ሰው በዛበትና የፈላውን ውሃ ተወ። ማንም ምንም አላለውም። በሌላው ሳምንት አልኮሉ አለቀ፤ «ነገ እገዛለሁ» አለ። ነገ አልገዛም። ማንም ምንም አላለውም። ከዚያ ዘይቱን ተወ። አፉን ብቻ በጋዋኑ ጠረግ፣ ቆዳው ላይ ሁለቴ መለስ፣ ከዚያ «ቀጣይ!» ይላል። ሥሩ ግን ወየበ። ከወየበ በኋላ ዛገ። ቡናማ ነጠብጣብ ከእጀታው ወጥቶ ወደ አፉ ይወርድ ጀመር። ሙጬ አየው። አየው ነው የምላችሁ! አላየም ብሎ የሚከራከርለት ሰው እንዳይኖር። አይቶ፣ ዘግቶ፣ ኪሱ ከተተው።

ሌሎቹ ፀጉር አስተካካዮች በዚህ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ መፍታት ጀምረዋል። ከሙጬ በረንዳ ፊት ለፊት ባለች ኪዮስክ ውስጥ ይሸጣል። ሙጬ ግን አዲስ ምላጭ የሚጠይቀውን ሰው ይቀየመዋል። እንደ ስድብ ይቆጥረዋል።

አሁን ወደ ይርዳው ልውሰዳችሁ።

ይርዳው ሸማኔ ነው። ሚስቱ ሞታበት አንዲት ሴት ልጁን፣ ማስተዋልን፣ ብቻውን አሳደገ። የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አንጠልጥሎ፣ መወርወሪያ እየወረወረ፣ ጋቢና ነጠላ እየሠራ አስተማራት። ማስተዋል ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገባች። በዘራቸው የመጀመሪያዋ ናት። አራት ዓመት ሞላትና «አባባ፣ ቅዳሜ እመረቃለሁ» ብላ ደወለች። ይርዳው ሐሙስ ዕለት ሊላጭ ወደ ሙጬ ሄደ። ልጁ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ሊነሳ ነዋ! በሕይወቱ ይህን ያህል የተደሰተበት ቀን አልነበረም።

ያን ዕለት ጠዋት ምላጩ ከሙጬ እጅ አምልጦ ከበረንዳው ሥር ወድቆ ነበር። የገበያ አህዮች በሚቆሙበት፣ ፋንድያ በተረገጠበት መሬት ላይ። አንስቶ በጋዋኑ ጠረገው። ሥሩ ላይ የዛገው ብረት ሸካራ ነው፤ ሸካራ ነገር ደግሞ ቆሻሻ ይይዛል። በጋዋን አይለቅም።

ይርዳው ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ምላጩ ሲከፈት አየው። ሸማኔ ነው፤ ዓይኑ ክር የሚለይ ዓይን ነው።

«ጋሽ ሙጬ፣ እንዳይከፋህ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ከኪዮስኩ አንድ አዲስ ምላጭ ገዝቼ ልምጣ? የልጅ ምርቃት ነው፤ ፎቶም አለ፤ ለጥንቃቄ ያህል።»

ሙጬ እጁ አየር ላይ ቆመ። ተራ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች አሉ። ሰሙ።

«ይርዳው፣ ስንት ዓመት ላጨሁህ?»

«ኧረ ብዙ ዓመት ነው።»

«ቆርጬህ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«ታዲያ ልጅህ ስለተማረች ነው ዛሬ የተጸየፍከኝ?»

ይርዳው አፈረ። ተመልከቱ እንግዲህ! ማፈር የሚገባው ማን ነበር? ያፈረው ማን ሆነ? «ኧረ በእግዚአብሔር! እንዲህ አልወጣኝም፤ ላጨኝ» አለና አንገቱን ሰጠ።

አንገቱን ሰጠ፣ ወገኖቼ። ሰው ለሰው ከዚህ በላይ ምን ይሰጣል? ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉሮሮውን ገልጦ፣ በእጅህ ስለት እያለ ዝም ይልልሃል። ይህን ማመን የተቀበለ ሰው መንቀጥቀጥ አልነበረበትም?

ሙጬ አልተንቀጠቀጠም። ተቆጥቶ ነበር የሚላጨው። ከመንጋጋው በታች ሲደርስ የዛገው ሥር ቆዳውን ያዘው፤ ቆነጠጠው፤ ደም ወጣ። ትንሽ ናት። ብጣሽ ወረቀት ለጠፈበትና «ምን አላት፣ ጭረት ናት» አለው።

ቅዳሜ ይርዳው ልጁ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ባርኔጣዋን እሱ ራስ ላይ አድርጋበት ሳቁ። አብረው ወደ ቤት ተመለሱ። በሳምንቱ ዓርብ ምሳ ቀርቦ፣ ይርዳው ጉርሻውን አንስቶ ወደ አፉ ቢያደርስ፣ አፉ አልከፈት አለው። ሳቀ። ልጁም የሚቀልድ መስሏት አብራው ሳቀች። ከዚያ አንገቱ ደረቀ። ከዚያ ጀርባው እንደ ቀስት ተለጠጠ።

ባሕር ዳር ሆስፒታል አደረሰችው። «መንጋጋ ቆልፍ ነው» አሏት። ሐኪሙ ገላውን መረመረና ከመንጋጋው በታች ያቺን ጭረት አገኛት። «በምን ተቆረጠ?» አላት። ነገረችው። «ምላጩ ቆሻሻ የያዘ ሊሆን ይችላል» አላት። «ሌላ ሰው ሳይነካበት ብታስጠነቅቂ ጥሩ ነው።» አባቷን መጋረጃ በተጋረደበት ክፍል አስተኙት። ብርሃን ሲያይ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። በር ሲንኳኳ ይንቀጠቀጣል። ልጁ ስታለቅስ ከሰማ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ኮሪደር ወጥታ ታለቅሳለች።

ይርዳው ሆስፒታል በገባ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ወሬው ሙጬ ዘንድ ደረሰ። «ማስተዋል ሰኞ ትመጣለች፤ የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ውበቱና ሌላ ሽማግሌ አብረዋት ይመጣሉ፤ ምላጭህን ሊያዩ ነው» አሉት።

አሁን ወደ ጓሮው እንመለስ። ምላጩ የሚወለወለው ለዚህ ነው። ለይርዳው አንገት ያልተወለወለ ምላጭ ለሽማግሌ ዓይን ሲወለወል ነው የምታዩት! አመዱ፣ ሎሚው፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ከዓመት በኋላ ዛሬ የወጣው ለዚህ ነው። ይርዳው ከተላጨ ወዲህ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ በዚያ ዝገት ስንት አንገት እንደነካ እሱና አምላክ ናቸው የሚያውቁት። ያኔ ሎሚ አልነበረም? ያኔ አመድ አልነበረም?

ሚስቱ ስመኝ ከጓዳ ወጣች። ቆማ አየችው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«አታይም?»

«አያለሁ። ለማን ነው?»

«ነገ ሰው ይመጣል።»

«ይርዳው የመጣ ዕለት ሰው አልመጣም ነበር? ይርዳው ሰው አይደለም?»

ሙጬ ቀና አላለም። «ስመኝ፣ ነገሩ አይገባሽም። አንዴ ስሜ ከጠፋ አበቃ። ማን በረንዳዬን ይረግጣል?»

«ዝጎ ነበር?»

ሙጬ ብርጭቆ ወረቀቱን ገለበጠና በአዲሱ ፊት ይፈትግ ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝጎ ነበር ወይ ነው የምልህ!»

«አሁን አልዛገም» አላት።

አሁን አልዛገም! ሰማችሁት? ስመኝ የአመዱን ሳህን በእግሯ መታችው። «አመዱ ከእኔ ምድጃ የወጣ ነው፤ ሎሚውም የእኔ ነው፤ እኔንም አነካካኸኝ» አለችና ገባች። ሙጬ አመዱን ከመሬት ሰብስቦ ቀጠለ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቀጠለ። እጀታውን ሳይቀር በእንጨት ስንጥር ጎረጎረ። ሽማግሌው አስተማሪው ያለውን ሁሉ፣ አንድም ሳያጎድል፣ ያን ዕለት አደረገ። ሙያውን አልረሳም ነበር፣ ወገኖቼ። ረስቶት ቢሆን ኖሮ ባዘንኩለት።

ሰኞ መጡ። አቶ ውበቱ መጡ፤ ሁለተኛው ሽማግሌ መጡ፤ ማስተዋል መጣች። ከሆስፒታል ስለመጣች ልብሷ አልኮል አልኮል ይሸታል። ሰው በረንዳውን ከበበ። ስመኝ ከበሩ ኋላ ቆማ ትሰማለች።

ሙጬ ምላጩን ከኪሱ አወጣ፤ ከፈተው፤ ፀሐይ ላይ ያዘው። አብረቀረቀ። አቶ ውበቱ ተቀብለው አገላበጡት።

«አቤት! ፊቴን አየሁበት!» አሉ። ለሁለተኛው ሽማግሌ ሰጡት፤ እሳቸውም «እንዲህ ያለ ብረት ሰው አይጎዳም» አሉ።

ማስተዋል ምላጩን አላየችም። ሙጬን ነው ያየችው። «ጋሽ ሙጬ፣ አባቴን የላጩት ዕለትም እንዲህ ነበር?»

«አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው» አላት።

«አባቴ አዲስ ምላጭ ልግዛ ብሎዎት ነበር። ነግሮኛል።»

«ታዲያ ያሳፈረኝ እሱ ነው፤ እኔ ምን አልኩት?»

ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ሙጬ ተራመደች። ድምፅዋ ከፍ አለ። «አንገቱን ቆርጠውታል! እዚያ ጨለማ ውስጥ ተኝቷል! እውነቱን ይናገሩ!»

አቶ ውበቱ እጃቸውን አነሱ። «ተይ፣ ተይ ልጄ። ሐዘን ነው የሚያናግርሽ። የተማርሽ ልጅ ነሽ። የሰው ስም በአደባባይ አይጠፋም። ምላጩን በዓይናችን አይተናል። በይ ጋሽ ሙጬን ይቅርታ ጠይቂውና ነገሩ እዚህ ያብቃ።»

ማስተዋል ወዲህ ወዲያ አየች። አንድም ሰው ከጎኗ አልቆመም። ሀገሩ ሁሉ የሚያየው የሚያብረቀርቀውን ብረት ነው። ብቻዋን ናት፤ ደክሟታል፤ ወደ አባቷ መመለስ አለባት። ጎንበስ አለችና የሙጬን ጉልበት ሳመች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ሙጬ።»

እሱም፣ ወገኖቼ፣ እጁን ራሷ ላይ አኖረ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፣ ልጄ። አባትሽንም ይማርልሽ» አላት።

አፌ የማይገባ ነገር እንዳይናገር እግዚአብሔር ይጠብቀኝ።

ቆርጦ ይቅርታ ተጠየቀ! ዋሽቶ መረቀ! ሙጬ ራሱ ምን እንደተሰማው ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ደስ አለው። ከላዩ ላይ ድንጋይ የተነሳለት ያህል ተነፈሰ። ልጅቷ ስትነሳ ግን ያ የአልኮል ሽታ አፍንጫው ገባ፤ ጠጥቶ እንዳስታወከ ሰው አፉ መረረው። ውሃ ጠጣ። ምሬቱ አልሄደም። ቢሆንም ማክሰኞ ሠራ፤ ረቡዕ ሠራ። እንዲያውም ሰው በዛለት። አቶ ውበቱ በየደረሱበት ምላጩን ያመሰግኑለት ነበርና።

ሐሙስ ገበያ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ራሳቸው አቶ ውበቱ ናቸው። ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፤ ግማሹ አረፋ ነው። ስድስት ሰው ተራ ይጠብቃል። ስመኝ ገባች። ሻሿን ፈታች። ፀጉሯን በትከሻዋ ላይ ለቀቀችና ከአቶ ውበቱ አጠገብ ያለው ዱካ ላይ ቁጭ አለች።

«ላጨኝ» አለች።

ሙጬ ደነገጠ። «ምን ነካሽ? ተነሽ፣ ሰው ይስቅብናል።»

«ላጨኝ። ሐዘንተኛ ነኝ።» ታውቃላችሁ፤ በዚያ አገር ሴት ሐዘን ሲጠናባት ራሷን ትላጫለች።

«ማን ሞቶ?»

«ይርዳው።»

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ብድግ አሉ። «ሞተ እንዴ?»

«እስትንፋሱስ አልወጣም» አለች ስመኝ። «እዚህ ቤት ግን ሰኞ ዕለት ቀብረነዋል። ልጁ በአባቷ ደም ላይ ይቅርታ ጠይቃ ሄደች፤ እኔም በር ኋላ ቆሜ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ስለዚህ ላጨኝ። በዚያው በእሑዱ ምላጭ ላጨኝ!»

አቶ ውበቱ አረፋቸውን እንደያዙ ዞሩ። «የእሑዱ ምላጭ ማለት ምን ማለት ነው?»

ሙጬ ሚስቱን አያት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ እንዲህ መሸበቱን አላየም ነበር። ምላጩ እጁ ላይ ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ለይርዳው አንገት ያልተንቀጠቀጠው እጅ አሁን ገና ተንቀጠቀጠ። ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እሑድ ነው የወለወልኩት» አለ። «ይርዳውን ስላጨው ሥሩ ዝጎ ነበር። አውቅ ነበር። ያን ዕለት ደግሞ ፋንድያ ላይ ወድቆ ነበር። አዲስ ልግዛ ሲለኝ አሳፈርኩት።»

አቶ ውበቱ ፎጣውን ከአንገታቸው ቀደው ጣሉት። «አንተ! ሽማግሌ አታለልክ! እኛን በእግዚአብሔርና በሰው ፊት አዋረድከን!»

ስመኝ ናት የመለሰችላቸው። «እናንተን? የተዋረደችው ልጅቷ ናት። ጥያቄዋን ጠይቃ ነበር፤ አንዳችሁም መልሱን አልጠበቃችሁም። ብረት ሲያብረቀርቅባችሁ ዓይናችሁ ጠፋ።»

አቶ ውበቱ ግማሽ ጺማቸውን እንደተላጩ ወጥተው ሄዱ።

ዓርብ ሙጬ ወደ ባሕር ዳር ተሳፈረ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ማስተዋልን አገኛት፤ የአባቷን አንሶላ አጥፋ ቆማለች። ያለ አንድ ቃል እግሯ ላይ ወደቀ። እግሯን ወደ ኋላ ሳበች።

«ይነሱ።»

«ልጄ፣ ዝጎ ነበር። ዋሽቻለሁ። ይቅር በይኝ።»

«እዚህ አይደለም» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ አባቷ እንዳይሰማ። «እዚህ ማን ያየናል? እኔን ሰው ፊት ነው ያስጎነበሱኝ።»

«እሺ፣ ምን ላድርግ?»

«ያችው በረንዳ ላይ። በገበያ ቀን። ሰኞ የነበሩት ሁሉ ባሉበት።»

«አባትሽን ግን አንድ ጊዜ እንዳየው ፍቀጂልኝ።»

«አባቴ ብርሃን አይችልም። የበር ድምፅ አይችልም። የእርስዎን ይቅርታ በምን አቅሙ ይችለዋል?»

ሙጬ ወደ ከተማው ተመለሰ። በመጪው ሐሙስ ገበያው ሞልቶ ሳለ በረንዳው ላይ ቆሞ ሁሉን ተናገረ። ዝገቱን፣ ፋንድያውን፣ አመድና ሎሚውን፣ ውሸቱን። ሰው ተሳደበ፤ አንዱ ተፋበት፤ አልጠረገውም። ማስተዋል ለዚያች ሰዓት ብላ መጥታ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። አቶ ውበቱም መጡ፤ «እኔም በድያለሁ» አሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ ግን አልመጡም። ጉዳይ አለብኝ አሉ። እስከ ዛሬም ጉዳይ አለባቸው።

ማስተዋል «ይቅር ብያለሁ» አላለችም። «ሰምቻለሁ» አለችና ወደ አውቶቡስ ተራ ሄደች። አትፍረዱባት። አባቷ ገና ጨለማ ውስጥ ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይርዳው ተረፈ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተደግፎ ቤቱ ገባ። እጁ ላልቶለት መወርወሪያ ለመወርወር ግን ወራት ፈጀ። ከፋሲካ በኋላ ሙጬን መንገድ ላይ አገኘው። ሙጬ ሊሸሽ ነበር፤ ይርዳው እጁን ዘረጋለት፤ ተጨባበጡ። ይቅርታው ይህ ነው። ጺሙን ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተላጨም። ደረቱ ድረስ ወርዷል።

ሙጬ ዛሬም ይሠራል። ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ከፊቱ ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ «ልጀምር?» ይላል። ያን ታጣፊ ምላጭ ምን አደረገው ትሉኛላችሁ። አልጠየቅኩትም። የእኔ ጉዳይ ከብረቱ ጋር አይደለም።

ጉዳዬ ከእናንተ ጋር ነው!

እናንተ፣ ሥራችሁን የምታውቁ፣ ሙያችሁን ያልረሳችሁ! ተቆጣጣሪ ይመጣል ሲባል ሙጬ በዚያ እሑድ ያደረገውን የምታደርጉ! አስተማሪው፣ ጎብኚ ሲመጣ ትምህርቱ እንዴት ይጣፍጣል! በቀረው ቀን ልጆቹ ምን በደሉህ? ነርሷ፣ አለቃ ሲያልፍ ድምፅሽ እንዴት ይለሰልሳል! ሌላ ጊዜ ያቺ ባላገር እናት ሰው አይደለችም? አንተ ባል፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ሚስትህን «እመቤቴ» ትላለህ፤ ሽማግሌው ሲወጣ ምን ትላታለህ? ትችላለህ ማለት ነው! እንዴት እንደሚወለወል ታውቃለህ ማለት ነው! አለማወቅህ ቢሆን እግዚአብሔር ያስተምርህ ነበር። ታውቃለህ፤ የተውከው ግን ማንም ስላልጠየቀህ ነው።

እኔንም አትለፉኝ። ሊቀ ጳጳሱ ሲመጡ የቤተ ክርስቲያኑን በር ቀለም ያስቀባሁት እኔ ነኝ። የነዳያኑ መጠለያ ጣሪያ ግን ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከረመ። አየሁት፤ አለፍኩት። ኃጢአቴን ከእናንተ ፊት ነው የምናገረው፤ ምክንያቱም እኔም ከሙጬ አልሻልም።

አንገቱን የሰጠህ ሰው አለ፣ ወንድሜ። አንቺም እህቴ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያመነሽ አለ። ልጅህ ነው፤ ታማሚህ ነው፤ ተማሪህ ነው፤ ሚስትህ ናት። እሱ ተቆጣጣሪ አይደለም። ምላጩን አገላብጦ አያይም። ይህን ስለማያይ ነው የዛገውን የምትሰጠው?

ከዚህ የከፋም አለ። ስሙኝ። ከመካከላችሁ ቆርጦ ይቅርታ የተጠየቀ አለ። በድሎ፣ ነገሩን አሳምሮ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ የበደለውን ሰው ጉልበቱን ያሳመ አለ። እጁንም ራሱ ላይ አኑሮ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» ያለ አለ። ዓመት አልፎታል፤ ሰው ረስቶታል። ያ ጎንበስ ያለው ሰው ግን አልረሳም። ይኼው አሁን ስሙ ትዝ አላችሁ። ፊቱም ትዝ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ አንገታችሁን ስትደፉ ከዚህ ሆኜ አያለሁ።

ምን ትጠብቃላችሁ? ጸሎቱ እስኪያልቅ? ጸሎቱን እኛ እንጨርሰዋለን። ተነሱና ሂዱ።